ለሁለት ሳምንት የሚከፈት ሱቅ

በዚህ እትም የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ጋለሪ እስኪጠራቸው ከመጠበቅ ይልቅ በጊዜያዊ ሱቅ፣ በባዛር ጠረጴዛና በኦንላይን ሥራቸውን ራሳቸው መሸጥ የፈለጉ ሰዎች ናቸው። እኔ እንጨት ቀርጬ በማተም የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሥራዬ አብዛኛው ሰው ቤት የገባው በእንዲህ ያለ መንገድ ስለሆነ ጥያቄዎቹ አልከበዱኝም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ስም ትቻለሁ።

«ጋሼ፣ ሠዓሊ ነኝ። አንድ ባለ ሕንፃ ተከራይ የለቀቀውን ሱቅ ለሁለት ሳምንት ሊሰጠኝ ነው። ወይ ቁርጥ ኪራይ ክፈል፣ ወይ ከሽያጭህ መቶኛ ስጠኝ ይለኛል። የቱን ልምረጥ? ያለኝን ሥራ ሁሉ ላውጣ ወይስ መርጬ? ጓደኞቼ ደግሞ "ሠዓሊው ነጋዴ ሆነ" እያሉ ያሙኛል።»

ከሐሜቱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ቀራፂው ክላስ ኦልደንበርግ በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ ተራ ሱቅ ተከራይቶ፣ በጀሶ የሠራቸውን ኬኮችና ሸሚዞች እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ደርድሮ ሸጧል። ከኋላ ይሠራል፣ ከፊት ይሸጣል። ሠዓሊው ኪት ሄሪንግ በ1986 እዚያው ከተማ «ፖፕ ሾፕ» ብሎ ሲከፍት ሥነ ጥበቡን አረከሰው ያሉት ነበሩ። ሱቁ ግን እሱ ከሞተ በኋላም እስከ 2005 ድረስ ሠርቷል። ትሬሲ ኤሚንና ሳራ ሉካስ በ1993 ለንደን ውስጥ ለስድስት ወር ያህል በከፈቱት ሱቅ በእጃቸው የጻፉበትን ቲሸርትና የሲጋራ መተርኮሻ ይሸጡ ነበር። ለጓደኞችህ ይህን ንገራቸውና ወደ ሒሳቡ እንሂድ።

መቶኛ የሚያጓጓው ምንም ካልሸጥክ ምንም ስለማትከፍል ነው። ግን መቶኛው ከምን ላይ እንደሚሰላ አስቀድመህ ጠይቅ። ከጠቅላላው ሽያጭ ነው ወይስ የፍሬምና የሸራ ወጪ ከተነሳ በኋላ? ሱቁን አይቶ ሄዶ ከወር በኋላ በስልክ የሚያዝህ ሰውስ ይቆጠራል? አንተው ጠርተህ ያመጣኸው የድሮ ደንበኛህስ? ጋለሪ ግማሹን መውሰዱ የተለመደ ነው፤ ለዚያ ግማሽ ግን ገዢ ይጠራል፣ ይሰቅላል፣ ያሻሽጣል፣ አሽጎ ይልካል። ባዶ ግድግዳ ሰጥቶህ ቁልፉን ያስረከበህ ሰው የጋለሪ ድርሻ ቢጠይቅህ እሺ አትበል።

ቁርጥ ኪራዩን ለመመዘን ደግሞ ወጪህን በሙሉ ደምር፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ማጓጓዣ፣ የግድግዳ ቀለም፣ አብሮህ ለሚቆም ሰው አበል። ከዚያ ቶሎ የሚሸጥልህን መካከለኛ ሥራ ውሰድና ከዋጋው ላይ የፍሬሙንና የቁሳቁሱን ወጪ ቀንስ። የደመርከውን ወጪ በቀረው ብታካፍለው ወጪህን ለመመለስ ስንት ሥራ መሸጥ እንዳለብህ ታገኛለህ። የወጣው ቁጥር ከዚህ በፊት በአንድ ዝግጅት ከሸጥከው የሚበልጥ ከሆነ መቶኛው ይሻልሃል። ካነሰ ኪራዩን ክፈልና የሸጥከው ሁሉ የራስህ ይሁን።

የቱንም ብትመርጥ ስምምነቱን በወረቀት አድርገው። ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል፣ ሌሊት ውኃ ቢገባ ወይም ሥራ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው፣ ሚስማር መምታት ትችላለህ ወይ፣ ስትለቅ ግድግዳውን የሚያድሰው ማን ነው? አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀብድ ከሰጠህ ደረሰኝ ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ያለህን ሁሉ አታውጣ። ግድግዳው ሲጨናነቅ ሰው ዞር ዞር ብሎ ሁሉንም «ቆንጆ ነው» ይልና ይወጣል። ከመንገድ በመስታወቱ በኩል የሚታይ አንድ ትልቅ ሥራ ከበሩ ትይዩ ስቀል። ለሌሎቹ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ተው፤ የእያንዳንዱ መሐል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቢውል ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይመቻል። የተሸጠ ካለ አውርደህ ከኋላ ያስቀመጥከውን ትተካለህ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ የሚመጣም አዲስ ነገር ያያል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሰው በእጁ የሚያገላብጠው ሳጥን አዘጋጅ። ንድፎችህን፣ ትናንሽ ጥናቶችህንና ህትመቶችህን ከጀርባቸው ጠንካራ ካርቶን አድርገህ በጠራ ፕላስቲክ ውስጥ ከትና በወገብ ከፍታ ባለ ሳጥን ውስጥ አቁማቸው። እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳውን ሲያይ የነበረ ሰው ሳጥኑ ጋ ሲደርስ እጁን ያወጣል። አንዱን ይመዝዛል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ያንኑ ይመዝዛል። ሁለት ጊዜ የመዘዘውን ሰው አታናግረው፤ ራሱ ይጨርሰዋል።

ዋጋውንም በሁሉም ላይ ጻፍ። ያልተጻፈ እንደሆነ ገዢው ወይ «ከአቅሜ በላይ ነው» ይላል፣ ወይ «ፊቴን አይተው ነው የሚጠሩልኝ» ይላል። በሁለቱም ሳይጠይቅህ ይወጣል።

«ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ዋልኩ፤ ሰው እያየ ያልፋል። ሥራዬ መጥፎ ይሆን?»

ከአንድ ቀን ገበያ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ምስክሬ ማንነቱን የሚሰውረው ዝነኛው የግድግዳ ሠዓሊ ባንክሲ ነው። ጥቅምት 2013 ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ዘርግተው የባንክሲን እውነተኛ ሥራዎች እያንዳንዳቸውን በ60 ዶላር እንዲሸጡ አደረገ። የባንክሲ መሆናቸውን የሚናገር ማስታወቂያ አልነበረም። ሰው እንዳንቺው ጠረጴዛ እያየ አለፈ። ቀኑን ሙሉ የገዙት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ከእነሱም አንዷ ተከራክራ በግማሽ ዋጋ ወሰደች። የቀኑ ገቢ 420 ዶላር ብቻ ነበር። በጨረታ ብዙ ሺህ የሚያወጡ ሥራዎች ናቸው።

ስለዚህ ሥዕሉን ከመጠርጠርሽ በፊት ጠረጴዛውን ፈትሺ። ስምሽ ከአምስት እርምጃ ርቀት ይነበባል? ሥራዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል ወይስ ቆመዋል? የተጋደመውን የሚያየው ጎንበስ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ አይጎነበስም። በአነስተኛ መስቀያ አቁሚያቸው። ከኋላ ተቀምጠሽ ስልክ አትነካኪ፤ አላፊውንም ትክ ብለሽ አትዪው፣ ሁለቱም ያስበረግጋል። እዚያው የምትሠሪው ትንሽ ሥራ ይዘሽ ብትወጪ ግን ሰው ይቆማል፤ እጅሽ ሥራ ላይ ስለሆነ ለማየትም አያፍርም። በጎን ቁሚ። ለቆመውም «ልርዳዎ?» ከማለት ይልቅ ስላየው ሥራ አንድ እውነት ንገሪው። «ይህ የታተመው በሦስት እንጨት ነው» ብትዪው ቀጣዩን ጥያቄ እሱ ይጠይቃል።

«ኦንላይን የሚከታተለኝ ሕዝብ ብዙ ነው፤ ልብ ይሰጣል፣ "ዋው" ይላል፣ አይገዛም። ባዛር ስወጣ እሸጣለሁ፤ ባዛሩ ሲያልቅ ሽያጩም ያልቃል። ሁለቱን እንዴት ላገናኛቸው?»

ባለፈው ባዛር ከአንቺ የገዙትን ሰዎች ስም ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ የጎደለው እሱ ነው። የሁለት ሳምንት ሱቅ ትርፍ ከገንዘቡ ይልቅ ስሞቹ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ገንዘቡ ለኪራይና ለፍሬም ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከእጅሽ የገዛ ሰው ግን ሁለተኛውን ሳያይሽ በስልኩ ይገዛል። ቀለምሽን፣ ወረቀትሽን፣ አስተሻሸግሽን አይቷል፣ አንቺንም አይቷል። ሥራሽን በስክሪን ብቻ ያየው ሺህ ሰው ይህ ሁሉ ይጎድለዋል።

ጠረጴዛው ላይ ደብተር ይኑርሽ። ሰው ከፍሎ ሥራው ሲጠቀለልለት ያለችው ደቂቃ ምቹ ናት። «አዲስ ሥራ ሳወጣ ላሳውቅዎ?» በዪው። እሺ ካለ ስሙንና ስልኩን ወይም ኢሜይሉን ራሱ ይጻፍ፤ እምቢ ካለ አትጫኚው። የጻፈውንም ፊቱ አንብቢለት፤ ማታ ቤትሽ ስትገቢ የማይነበብ ኢሜይል ምን ያደርግልሻል? ሲሄድ ከጎኑ ምን እንደገዛ ጻፊ። ማኅበራዊ ገጽሽ ቢዘጋ ወይም ኩባንያው አሠራሩን ቢቀይር ተከታዮችሽ አብረው ይጠፋሉ። ደብተሩ ግን ያንቺ ነው።

ከዚያ ኦንላይኑንም እንደ ሱቁ ጊዜያዊ አድርጊው። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ገጽ ማንንም አያጣድፍም፤ «ነገም አለ» ይባላል። በተወሰኑ ሥራዎች ዓርብ ማታ ተከፍቶ እሑድ ማታ የሚዘጋ ሽያጭ ግን ቀጠሮ ይሆናል። ደብተርሽ ላይ ላሉት ከአንድ ቀን በፊት ፎቶውን፣ መጠኑን፣ ዋጋውንና አከፋፈሉን ልከሽላቸው እነሱ ቅድሚያ ያግኙ። ለሕዝብ የሚወጣው የተረፈው ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ የምታሽጊውን ሁሉ ሰኞ በአንድ ጊዜ አሽገሽ፣ የቀረውን ሳምንት ትሠሪያለሽ። ብቻ መደርደሪያሽ ላይ አርባ ተቆልሎ «የቀረው ሁለት ነው» አትበዪ። ሰው ይደርስበታል።

ዋጋ አለመደበቅ በስክሪንም እንደሚሠራ በ2020 ታይቷል። ጋለሪዎች በወረርሽኙ ሲዘጉ ማቲው ባሮውስ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ቀላል ሕግ አወጣ። ሠዓሊው ከ200 ፓውንድ የማይበልጥ ሥራ በኢንስታግራም ላይ ዋጋውን ጽፎ ያወጣል። ሽያጩ 1,000 ፓውንድ ሲሞላ በ200ው የሌላ ሠዓሊ ሥራ ለመግዛት ቃል ይገባል። ሐሳቡ በየአገሩ ተዛመተ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ልማድ እኔ አልወደውም፤ ቁጥሩን ለመስማት መልእክት መጻፍ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም።

ሱቁ ሲዘጋም ባለቤቱን አስፈቅደሽ ወደ ገጽሽ የሚወስድ ኪው አር ኮድ መስታወቱ ላይ ለጥፊ። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

«ሸክላ ሠሪ ነኝ። አንዲት ማሰሮ ባዛር ላይ ለአንድ ሰው ሸጥኩ፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ኦንላይን ከፍሎባት ኖሯል። ምን ላድርግ? እንዳይደገምስ?»

እናቴ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ይደውሉ ወይም ይጻፉ። ነገ ካሉ ሰበብ ፍለጋ ይመስላል። ማሰሮዋ በእጁ ያለች ሰው ወስዷታል፤ ስለዚህ ኦንላይን ለከፈለው ሰው የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩትና ገንዘቡን ሙሉውን ይመልሱ። «በምትኩ ሌላ ልላክልዎ» የሚለው ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ የሚቀርብ ነው፤ ገንዘቡን ይዞ ምርጫ ማቅረብ ማስገደድ ነው። «ልክ እንደዚያችው እሠራልዎታለሁ» ደግሞ አይበሉ። የእሳቱን ጠባይ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሁለተኛዋ ያንን ቀለም ይዛ አትወጣም፣ ሰውየውም ዕድሜ ልኩን ሲያወዳድር ይኖራል።

እንዳይደገም የሚያደርገው ልማድ እንጂ መሣሪያ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ይስጡ። ያው ቁጥር ከታቹ ላይ፣ በዋጋ ወረቀቱ ላይ፣ በኦንላይኑ መግለጫና በአንድ ዝርዝር ላይ ይግባ። ዝርዝሩ አንድ ይሁን፤ በልጅዎ ስልክ ሌላ፣ በእርስዎ ደብተር ሌላ ከሆነ ሁለቱም ይዋሻሉ። ወደ ባዛር የሚሄደው ሣጥን ከመታሸጉ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ ከኦንላይን ይውረድ። «ተሸጧል» ተብሎ ሳይሆን «ለጊዜው ከገበያ ወጥቷል» ተብሎ። ያልተሸጠው ማታ ሲመለስ በቁጥሩ እየተጠራ ወደ ገጹ ይመለሳል። ሥራ መስሎ ቢያስፈራም ሠላሳ ሥራ ላለው ሰው ሻይ አይቀዘቅዝበትም።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ክፍት ይሁኑ ካሉ ግን ባዛር ላይ ያለው ነገር በሙሉ ከአንድ በላይ ያለዎት ይሁን። ስኒዎች፣ ሳህኖች፣ በርከት አድርገው የሚሠሩት። አንድ ብቻ የሆነው ሥራ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ። «ያዙልኝ፣ ተመልሼ እወስዳለሁ» ለሚል ሰውም ቀብድና ሰዓት ይኑረው። «ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ» ብለው ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ያለ ሐፍረት ይሽጡ።

«የመጨረሻው ቀን ላይ ዋጋ ልቀንስ?»

አይሆንም። የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ዋጋ ከአንቺ የገዛ ሰው ይሰማል፤ ሌላው ደግሞ ለሚቀጥለው ሱቅሽ የመጨረሻውን ቀን ይጠብቃል። ሁለት ለሚገዛ ትንሽ መቀነስ ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋውም በሱቁና በኦንላይኑ አንድ ይሁን።

«ከ1 እስከ 50 ቁጥር ሰጥቼ የሸጥኩት ህትመት አለቀ። ኦንላይን ብዙ ጠያቂ አለው። ድጋሚ ባትም?»

12/50 ብለህ የፈረምክለት ሰው የገዛው ወረቀቱን ብቻ አይደለም፤ ሃምሳ አንደኛው እንደማይኖርም ገዝቷል። አታትም። ለጠያቂዎቹ ሌላ እንጨት ቅረጽላቸው። በዲጂታል የተባዛ ፖስተር ማውጣት ከፈለክም መጠኑ የተለየ ይሁን፣ ቁጥርና ፊርማ አይኑረው፤ በመግለጫውም ላይ ፖስተር መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

«ሥዕሌን በስልክ ሳነሳው ቀለሙ ይቀየራል፤ ጠርዙም ይጎብጣል። ገዢ "እንዳየሁት አይደለም" ብሎ መለሰብኝ።»

ጠርዙን ያጎበጠው ተጠግተሽ በሰፊው ሌንስ ማንሳትሽ ነው። ወደ ኋላ ራቂና 2 እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ አንሺ፤ ስልኩ ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ሆኖ መሐሉ ላይ ይሁን። ቀለሙን የሚያበላሸው የመስኮትና የአምፖል ብርሃን መቀላቀሉ ነው፤ አንዱን አጥፊ። ደመናማ ቀን፣ አምፖል ጠፍቶ፣ በመስኮት አጠገብ ብታነሺ ከብዙ ስቱዲዮ ይሻላል። በአምፖል ካልሽ ሁለት ተመሳሳይ መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርጊ፤ ያኔ ቫርኒሹ አያንጸባርቅም። ሥዕሉን ከፎቶው አጠገብ አቁመሽ ሳታወዳድሪ አትለጥፊ።

አንድ ፎቶ አይበቃም። ሙሉውን፣ የብሩሽ ምቱ የሚታይበትን አንድ ጥግ፣ የሸራውን ጎን፣ ጀርባውን፣ እንዲሁም ትልቀቱ እንዲገባ ሰው ይዞት አንሺ። መጠኑን በሳንቲ ሜትር ከፍሬም ጋርና ያለ ፍሬም ጻፊ። ጭረት ካለው እሱንም አሳዪ። ፋይሉ በረጅሙ ጎን 1500 ፒክሰል ያህል ቢሆን ለስክሪን ይበቃል፤ ለሌባ ግን ጥርት ብሎ የሚታተምለት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ስለመለሰብሽ ሰው፤ ኦንላይን መሸጥ ከጠረጴዛ መሸጥ የሚለይበት አንዱ ይህ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ ኦንላይን የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል፤ በልኩ ታዞ የተሠራ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው። የምትልኪበት አገር ሕግ ምን እንደሚል አይተሽ የመመለሻ ደንብሽን ገጽሽ ላይ አስቀድመሽ ጻፊ፤ የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ጭምር።

በመንገድ የተበላሸ ነው ካለሽ ደግሞ ጉዳዩ ማሸግ ላይ ነው። ባለ አረፋውን ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ አታድርጊ፤ ክብ ክብ ምልክቱ ቫርኒሹ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ግላሲን የሚባለውን ለስላሳ ወረቀት፣ ቀጥሎ ካርቶን፣ ከዚያ በኋላ አረፋውን። ሸራ የሚጠቀለል ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅለል። የዘይት ቀለም ሲነኩት ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም፤ ወራት ይፈልጋል፣ ትኩስ ሥራ አትጠቅልዪ። ፍሬሙ መስታወት ካለው አክሪሊክ በሚባለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ ቀይሪው። ሣጥኑን ከመዝጋትሽ በፊት የታሸገውን ፎቶ አንሺ። አጓጓዡ «ስንቀበለው እንዲህ ነበር» ሲልሽ የምታሳዪው እሱን ነው።